ጎባ ላይ የቆረጥኩት ቀሚስ

ወደ ባሌ የሄድኩት ተራራ ለማየት አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ቀይ ቀበሮ ፍለጋ ይህን ጽሑፍ የጀመረ ሰው ጊዜውን እንዳያባክን ብዬ ነው። ቀበሮ አላየሁም። የሳነቴን አምባ ያየሁት ከሩቅ፣ ያውም ጉም ለብሶ ነው። የሄድኩት ቀሚስ እንዴት እንደሚቆረጥ ለመጠየቅ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ቀሚስ ስቆርጥ የኖርኩ ሴት!

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የመድረክ ልብስ እሰፋለሁ። አንዲት የዳንስ አስተማሪ ከተማሪዎቿ ጋር ትርዒት እያዘጋጀች ነበር፤ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል የነበረውን የፈረንጆቹን የባሌት መድረክ በምናብ መለስ ብሎ የሚያይ ትርዒት። ስምንት ቀሚስ አዘዘችኝና የዘመኑን ፎቶግራፎች በስልኳ አሳየችኝ። እንዴት ያለ ጊዜ ነበር! የመጀመሪያው ጦርነት ካበቃ በኋላ ሴቶቹ ወገባቸውን ጠፍንጎ የሚይዘውን ልብስ አውልቀው ጥለዋል፤ ጸጉራቸውን አሳጥረዋል፤ ቀሚሱ ከትከሻ ተነሥቶ ገላን እየተከተለ ይወርዳል። ሠዓሊው ለዳንሰኛዋ ልብስ ይነድፋል፤ እሷ መድረክ ላይ የለበሰችውን ደግሞ ሀብታሟ ተመልካች በማግስቱ ለራሷ ታሰፋለች። ጨርቁ በሰያፍ፣ የድርና የማጉን መስመር አቋርጦ፣ የተቆረጠ መሆኑን ዓይኔ ወዲያው ለየ። እኔም በሰያፍ ቆረጥኩ፣ ሰፋሁ፣ ጠርዙን ጠረጴዛ ላይ አስተካክዬ ቀመቀምኩና በማግስቱ አስረከብኩ።

ልምምድ ላይ ሳያቸው ስምንቱም እዚህ ወርደው፣ እዚያ ተሰቅለው፣ አይጥ የበላቸው ይመስላሉ። አስተማሪዋ ጨዋ ናት፤ «ይስተካከላሉ አይደል?» ብቻ አለችኝ። አስተካከልኳቸው። በሳምንቱ እንደገና ተንጋደዱ። ከዚያ በኋላ የቀረኝ ርዝመት ለአንድ ጊዜ ቁረጣ ብቻ የሚበቃ ነበር። ያን ጊዜ ነው አንዲት ደንበኛዬ፣ ጎባ ውስጥ አዴ ፋጡማ የሚባሉ ልብስ ሰፊ እንዳሉና ሙያውን የተማሩት በወጣትነቷ ለባሌት ትሰፋ ከነበረች ፈረንጅ እንደሆነ የነገረችኝ። ስልካቸውን ተቀብዬ ደወልኩ። ችግሬን ጨርሼ ሳልናገር፣ «በስልክ ስፌት የለም። ነዪ» አሉኝ።

ረቡዕ

አውቶቡሱ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሣ። ከስምንቱ ቀሚሶች አንዱን በፌስታል ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ይዤዋለሁ። አጠገቤ የተቀመጠው አጋርፋ የሚያስተምር የወሎ ልጅ ነበር። ስስ ሹራቤን አየት አደረገና «ባሌ እንደሚሄዱ ማንም አልነገረዎትም?» አለኝ። የአዲስ አበባን ክረምት ችዬ የኖርኩ ሰው ነኝ አልኩት። ሳቀ።

አሰላንና ዶዶላን አልፈን አዳባ ከመድረሳችን በፊት ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩና ረዳቱ ሲታገሉ እኛ ከገብስ ማሳ ዳር ቆምን። ነፋሱ ሹራቤን እንደሌለ ቆጥሮት አለፈ። መምህሩ ጋቢውን አውልቆ አለበሰኝ፤ እኔም ወዲያው ለበስኩ። ከኛ ሰፈር ቢሆን «ይቅርብህ፣ አይሆንም» እያልኩ አሥር ደቂቃ እግደረደር ነበር። ብርድ ይሉኝታን እንደሚያሳጥር ያኔ አወቅሁ።

ዲንሾ ላይ ከርከሮዎች የከተማው ነዋሪ ይመስል መንገድ ዳር ሲሄዱ አየሁ። ከእኔ በቀር የተገረመ አልነበረም። ከዚያ ወዲያ አገሩ ተዘረጋ፤ ግራ ቀኙ ስንዴ ነው። ሮቤ የገባነው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ነው። ባጃጁ፣ አዲሱ ፎቅ፣ ያላለቀው ፎቅ፣ ሁሉም እንደኛው ከተማ ነው፤ ሰማዩ ግን በጣም ይሰፋል። ያረፍኩበት ሆቴል ሙቅ ውሃ አለ ብሎኝ ነበር። ቧንቧውን ብከፍት ብከፍት በረዶ ነው። ለአስተናጋጇ ስነግራት አልተከራከረችኝም፤ ከወጥ ቤት በጀሪካን የፈላ ውሃ ይዛ መጣችና «ይኸው፣ አለ ብለን አልነበር?» አለችኝ። ሦስት ብርድ ልብስ ደርቤ ተኛሁ።

ሐሙስ

ሮቤና ጎባ ቅርብ ለቅርብ ናቸው፤ ሚኒባሱ ውስጥ ወሬ ጀምረህ ሳትጨርስ ትደርሳለህ። ጎባ ግን ሌላ ነው። ሮቤ ገና እየተሠራ ያለ ከተማ ነው፤ ጎባ ደግሞ ድሮ ተሠርቶ ያረፈ። ዛፉ ብዙ ነው፣ ብርዱም ይብሳል። የአዴ ፋጡማን ቤት የጠየቅኳት ባለሱቅ ሱቋን ትታ በር ድረስ አደረሰችኝ።

«አዴ» እዚያ እንደ «እማማ» ያለ የአክብሮት መጠሪያ ነው። አዴ ፋጡማ ትንሽዬ አሮጊት ናቸው፤ ሰባ አምስት ያለፋቸው፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ። «ባጋ ናጋን ዱፍቴ! እንኳን ደህና መጣሽ! ግቢ፣ ግቢ» ብለው እጄን ይዘው አስገቡኝ። የስፌት መኪናቸው መስኮቱ ሥር ነው። ገና ሳልቀመጥ ጭኮ ቀረበልኝ፤ የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ ነው፤ ከወተት ሻይ ጋር ይበላል። ሦስት ማንኪያ እንደበላሁ ጠገብኩ አልኩ። «አዲስ አበባ ሰው ሲበላ ያፍራል?» ብለው ጨመሩልኝ።

ከዚያ ቀሚሴን ከፌስታሉ አወጣሁ። መነጽራቸውን አድርገው ጠርዙን ዙሪያውን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ስትቀመቅሚው ሌባ እያባረረሽ ነበር?»

«ቀኑ ደርሶብኝ ነው፣ አዴ።»

«ቀኑ ጨርቁን አያውቀውም» አሉና አጣጥፈው መለሱልኝ። «ነገ የልጄ ልጅ ነኢማ ከሮቤ ትመጣለች። እሷ ላይ አሳይሻለሁ። ይሄ ያለ ገላ አይታይም።»

ነኢማ ሮቤ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ናት። እሑድ ኒካዋ ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ ሴቶቹ ለብቻቸው ተሰብስበው ሂና ያደርጉላታል። አያቷ ናቸው ያሳደጓት፤ እናቷ ዘይቱና ጂዳ ነው የምትሠራው፣ ለሠርጉም መምጣት አልቻለችም። አዴ ይህን ሁሉ እየነገሩኝ ከሣጥናቸው ነጭ አንሶላ አወጡ፤ ከአንሶላው ውስጥ ደግሞ ቀሚስ። መልኩ የተፈተገ ገብስ ነው፤ ሐር ነው፤ በሰያፍ የተቆረጠ። ከመንካቴ በፊት እጄን ጠረግሁ።

ያቺ ፈረንጅ በጎባ ሰው አፍ «ማዳም» ብቻ ነበረች። ግሪክ ናት ይላሉ፣ አይደለችም ይላሉ፤ እሷ ስትጠየቅ «ከብዙ ቦታ ነኝ» ትል ነበር። በንጉሡ ጊዜ ወፍጮ ከሚተክል ባሏ ጋር መጣች፤ ባሏ ሲሞት እዚሁ ቀርታ ለሹማምንት ሚስቶች መስፋት ጀመረች። ፋጡማ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆና ክር ልትሰካላት ገባች። ማዳም እየሰፋች የወጣትነቷን ታሪክ ታወራለች፦ በጣታቸው ጫፍ ስለሚቆሙ ሴቶች፣ ልብስ ስትለካቸው አንድ ደቂቃ ዝም ብለው መቆም ስለሚያቅታቸው፣ ዳንሱን ትተው ቀሚሱን ለማየት ስለሚመጡ ባለጠጎች።

«ይቺ ቀሚስ ለአንዷ ዳንሰኛ ተሰፋች» አሉ አዴ። «ልትለብሳት አንድ ሳምንት ሲቀር ሁለተኛው ጦርነት መጣ። ቲያትር ቤቱ ተዘጋ። ዳንሰኛዋ ሄደች፣ የት እንደሄደች አላህ ያውቃል። ቀሚሷን የሚቀበል ጠፋ። ማዳም ከአገር አገር ይዛት ዞራ እዚህ ደረሰች። እኔ ሳገባ እላዬ ላይ ለክታ፣ ጠርዟን በእጇ ቀምቅማ ሰጠችኝ። በሁለተኛው ዓመት አረፈች። ዘይቱናም በሷ ነው ያገባችው። አሁን የነኢማ ተራ ነው።»

ያን ቀን ከሰዓት ሥራ አልነበረኝምና ቀሚሱን ጭኔ ላይ አድርጌ ማዳምን ሳስባት ዋልኩ። ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጅ ሆና ታየችኝ። ጸጉሯ አጭር ነው። ከመድረኩ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ተንበርክካለች፤ ከንፈሯ መሐል ስፒል ይዛለች። ከፊቷ የቆመችው ዳንሰኛ እግሯን ታወዛውዛለች፤ ከግድግዳው ወዲያ ፒያኖ ይሰማል። ሁለቱም ትልቁ ጦርነት አንድ ጊዜ መጥቶ ያበቃ መስሏቸዋል። ቀሚስ ከወገብ ተፈታ፣ ሴት እንደልቧ ተነፈሰች፤ እንግዲህ ወደ ኋላ የሚመለስ ነገር የለም ብለዋል። እንዳሰቡት እንዳልሆነ እያወቅሁ ስላሰብኳቸው ነው መሰለኝ አዘንኩ። ለመድረክ የተሰፋ ልብስ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጨፈረበት ጎባ ላይ፣ በሴቶች ከበሮ መሆኑ ደግሞ ደስ አለኝ።

አዴ ሆቴል ልመለስ ስል ተቆጡ። «ቤት እያለ?» አሉ። እዚያው አደርኩ።

ዓርብ

ጠዋት አዴ ጎረቤት ለቅሶ ሊደርሱ ወጡ። ከመውጣታቸው በፊት «የግራ ትከሻዋ ክር ላልቷል፤ እሱን ጠበቅ አድርጊልኝ» ብለው ቀሚሱን ሰጡኝ። ትከሻውን አጠበቅሁ፤ ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። ቆም ብዬ ባርፍ ምን ነበረበት? ቀሚሱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ሳየው ጠርዙ ቀጥ ያለ አይደለም። በግራና በቀኝ ጎኑ አራት ጣት ያህል ይረዝማል። ደንግጬ እንደገና ለካሁት፤ አራት ጣት ነው።

ያኔ ያሰብኩትን ሳልደብቅ ልናገር። «ምስኪን ማዳም፣ ዓይኗ ደክሞ ነበር» አልኩ። ሙሽራዋን ነገ በተንጋደደ ቀሚስ ከመውጣት አተርፋታለሁ፣ አዴም ሲመለሱ ያመሰግኑኛል ብዬ መቀሴን አወጣሁ። የኔ ዓይን ቀጥ ያለ መስመር ላይ አይሳሳትም እያልኩ ሱቄ ውስጥ ስፌት የማስተምራቸው ልጆች ፊት ስንት ጊዜ ተኩራርቻለሁ! ቆረጥኩ። በአዴ መኪና ቀመቀምኩት፣ በካውያ ተኮስኩት። ጠረጴዛው ላይ በክር የተሰመረ ነበር የሚመስለው።

ነኢማ ከጁምዓ በኋላ ደረሰች። ቀጭን ናት፣ ሳቂታ ናት፤ ሳታውቀኝ ሦስት ጊዜ ሳመችኝ። ቀሚሱን ለብሳ ከጓዳ ስትወጣ ግን ሳቋ ፊቷ ላይ ቀረ። ግራና ቀኙ ወደ ላይ ተሰቅሏል፤ ፊትና ኋላው ተንጠልጥሏል። ልክ እንደኔ ስምንት ቀሚሶች።

አዴ መነጽራቸውን አድርገው ዞሯት። ጎንበስ ብለው የመኪናውን ስፌት አዩት፣ ከዚያ እኔን።

«ማን አዘዘሽ?»

«አዴ፣ የተንጋደደ መስሎኝ…»

«ጠረጴዛ ላይ ነው የተንጋደደችው! ሰው ላይ ቀጥ ያለች ነበረች!» አሉ። «ማዳም እኔን አቁማ ከወለል ለክታ ነው የቆረጠቻት። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ሲሰቀል አንዱ ጎኑ አብዝቶ ይወርዳል፤ የወረደውን ነው የምትቆርጪው። ጠረጴዛ ላይ መልሰሽ ብትዘረጊያት ትንጋደዳለች፤ መንጋደድ አለባት!»

ነኢማ አለቀሰች። «እናቴ ነገ በስልክ ልታየኝ ነው እኮ። ያንን ቀሚስ ለብሰሽ ልይሽ ብላ ነው የምትጠብቀው» አለች። አዴ ደግሞ ከቅርጫቱ የቆረጥኳትን ጨርቅ አንሥተው የማዳምን የእጅ ስፌት በጣታቸው ሲደባብሱ አየኋቸው። ሠላሳ ዓመት ስሠራ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር። «ይቅር ይበሉኝ፣ አፉ ይበሉኝ» ብዬ ጉልበታቸውን ልይዝ ስል እጄን መለሱት። ተነሥተው ውዱእ አድርገው ሰገዱ።

ቦርሳዬን ማዘጋጀት ጀመርኩ። ከሰላት ሲመለሱ አዩኝ።

«የት ነው?»

«ሆቴል ልሂድ ብዬ…»

«ቆርጦ መሄድ አለ እንዴ? ቀሚሷን ስቀያት። እስከ ጠዋት ማንም እንዳይነካት።»

ምስማር ላይ በመስቀያ ሰቀልኳት። ራት ማርቃ ነበር፤ መሐሉ ላይ ቅቤ የፈሰሰበት የገብስ ገንፎ። ሦስታችን ከአንድ ገበታ በላን። አዴ ቅቤ ያለበትን በኩል ወደኔ አዞሩት።

ቅዳሜ

ጠዋት ነኢማ ለብሳ ባዶ እግሯን ሲሚንቶው ላይ ቆመች። አዴ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ቀጥ ያለ ዘንግና ጠመኔ ሰጡኝ። ዘንጉ ላይ የጠርዙን ከፍታ የሚያሳይ አንድ ምልክት አለ።

«ከወለል ወደ ላይ። ሁልጊዜ ከወለል። ጠረጴዛ ይዋሻል፣ ወገብም ይዋሻል፣ ወለል አይዋሽም። እሷ አትዞርም፤ አንቺ ነሽ የምትዞሪያት።»

በጉልበቴ፣ አንዳንዴም በሆዴ እየተሳብኩ ዞርኳት። ዘንጉን አቆማለሁ፣ ጠመኔውን አሳርፋለሁ፣ ስፒል እሰካለሁ፣ ሁለት ጣት አልፋለሁ። ሲሚንቶው አጥንቴ ድረስ ይቀዘቅዛል። የቆረጥኩት አይመለስም፤ ጠርዙ የሚስተካከለው ሌላውን ሁሉ ወደ አጭሩ በማምጣት ብቻ ነው። ቁርጭምጭሚት ላይ የነበረ ቀሚስ ወደ ባት መውጣቱ ነው። አንድ ስፒል ስሰካ ነኢማ ከላይ «እትዬ፣ የምንቀጠቀጠው እኔ አይደለሁም፤ የእርስዎ እጅ ነው» አለችኝ። ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። እኔም ስፒሉን በከንፈሬ ይዤ ሳቅሁ።

ከመቁረጤ በፊት አዴን ቀና ብዬ አየኋቸው። «ቢስሚላህ በዪና ቁረጪ» አሉ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ግን አልኩ። ቆረጥኩ። ጠርዙን አንዷን ጎን እሳቸው፣ አንዷን ጎን እኔ በእጃችን ቀመቀምነው። በሳቸው በኩል ያለው ስፌት አይታይም፤ የኔን እያዩ ሁለት ጊዜ አስተረተሩኝ።

ከሰዓት ቤቱ በሴት ሞላ። ወንዶቹ ወጥተዋል፣ በሩ ተዘግቷል። ነኢማ እጇ ላይ ሂናዋ ደርቆ፣ ሻሿን አውልቃ ገባች። እልል ተባለ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ፤ ዘይቱና ናት፣ ከጂዳ። አንዷ ሴት ስልኩን ወደ ሙሽራዋ አዞረችው።

«ማሻአላህ፣ ማሻአላህ!» አለች እናት። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ቀሚሱ… አጠረ እንዴ?»

አዴ ወለሉን አዩ። ሊዋሹ እንደማይችሉ፣ ግን እንግዳቸውንም ማዋረድ እንደማይፈልጉ ገባኝ። ተነሥቼ ስልኩ ፊት ቆምኩና «እኔ ነኝ ያበላሸሁት፤ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ሳልጠይቅ ቆረጥኩት። ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው» አልኩ።

ዘይቱና ፊቷን ወደ ስልኩ አስጠጋች። ከዚያ «ነኢማ፣ ዙሪ እስቲ» አለች። ነኢማ ዞረች። ቀሚሱ ከባቷ ላይ ተነሥቶ ዙሪያውን እኩል ተከፈተ፣ ስትቆም እኩል ወረደ። የኔ ዓይን አይደለም ይህን ያስተካከለው፤ ወለሉ ነው።

«እኔ በሠርጌ ሁለት ጊዜ ረግጬው ልወድቅ ነበር» አለች ዘይቱና፣ እያለቀሰችና እየሳቀች። «እግሯ ይታይ። ትጨፍርበት!»

ከበሮው ተመታ። አዴ አጠገቤ ተቀምጠው «የማዳም ዳንሰኞችም እግራቸው ይታይ ነበር» አሉ፣ ለራሳቸው የሚናገሩ ያህል ቀስ ብለው። ይቅርታ አልነበረም፤ እኔም ይቅርታ ነው ብዬ አልወሰድኩትም።

እሑድ

ኒካውን ሳልጠብቅ ነው የተነሣሁት፤ ትርዒቱ የሚቀጥለው እሑድ ነበርና። በማለዳ አዴ የጭኮ ቋጠሮ ሰጡኝ፣ ነኢማ ደግሞ ወፍራም ሹራብ። በሩ ላይ ስደርስ አዴ እጃቸውን ዘረጉ።

«መቀስሽን አምጪ።»

የቀለዱ መሰለኝ። አልቀለዱም። ሃያ ዓመት የያዝኩትን መቀስ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው።

«ስምንቱን ዛሬ እንደገባሽ ትሰቅያቸዋለሽ። መቀሱን ዓርብ በአውቶቡስ እልክልሻለሁ። እስከዚያ ይውረዱ።»

«አዴ፣ አዲስ አበባ እኮ መቀስ ሞልቷል።»

«አውቃለሁ» አሉና በሩን ዘጉ።

ስምንቱን ቀሚስ ሱቄ ውስጥ በገመድ ሰቀልኳቸው። ሰኞ ምንም አልታየኝም። ማክሰኞ አንዱ በግራ በኩል ወረደ። ረቡዕ አስተማሪዋ ደወለች፤ «አለቁ?» አለችኝ። «እየወረዱ ነው» አልኳት፤ ያበድኩ ሳይመስላት አልቀረም። ሐሙስ ጎረቤቴ ያለው ሰፊ የሱን መቀስ ሊያውሰኝ አምጥቶ ነበር። እጄን አሳክኮኛል፣ አልዋሽም። አመስግኜ መለስኩለት።

ቅዳሜ ጠዋት መቀሱ ከአውቶቡስ መናኸሪያ ደረሰኝ፣ ተሞርዶ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ። ዳንሰኞቹን አንድ በአንድ አቁሜ ከወለል ወደ ላይ እየለካሁ ቆረጥኩ። ማታ ጉልበቴን እያሸሁ ወደ ጎባ ደወልኩ። አዴ ስለ ቀሚሶቹ ምንም አልጠየቁኝም።

«ሌላ መቀስ ገዛሽ?»

«አልገዛሁም።»

«የሰውስ ተዋስሽ?»

«አልተዋስኩም፣ አዴ።»

በስልኩ የስፌት መኪናቸው ሲቆም ተሰማኝ።

«እንግዲያስ አፉ ብዬሻለሁ» አሉኝ።